ኔትወርኩን አጥፊው

«ቆይ፣ የት ገባ?» ይላል ዐብዱልቃድር። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ቃናኒ ዝርዝሩን በሙሉ ገልብጣ እሱ አይቶት የማያውቅ ድረ ገጽ ላይ ለጥፋዋለች።

ዝርዝሩ ከድባጤ የተፈናቀሉ የሁለት መቶ አባወራዎች ነው። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ አሁን የተጠለሉበት ሰፈር። ዐብዱልቃድር ሦስት ወር በሞተር ዞሮ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው በቀር ማንም እንደማያየው ምሎ የመዘገበው ነው። ያሳደዳቸው ሰው የት እንዳሉ እንዳያውቅ ብለው ለዘመድ እንኳ ያልተናገሩ አሉበት።

«መሣሪያ ነው፣ ጋሼ። ዝርዝሩን ለቢሮው መዝገብ በሚመች መልክ ያስተካክልልኛል። ነጻ ነው፤ ምዝገባ እንኳ አይጠይቅም።»

ነጻ የሚለው ቃል ይበልጥ ያስፈራዋል። «ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ እንጃ። ውጭ አገር ያለ ሰው ነው።»

«ወላሂ፣ ለማታውቀው ሰው የሰው ስም ሰጠህ?» ሲናደድ አማርኛው ይፋለስበታል፤ ሴቷንም ወንድ ያደርጋታል።

ቃናኒ ከፍቷታል። ከነቀምቴ እዚህ ከተመደበች ጀምሮ ቀለም የሚያማርጠውን፣ ስህተት የሚለቅመውን፣ ፎቶ የሚያሳንሰውን ድረ ገጽ አንድ በአንድ ፈልጋ ያጠራቀመች ልጅ ናት። አሁን እንደ ሌባ ስትታይ እንባዋ ሊመጣ ነው።

«እሺ፣ ኔትወርኩን ላጥፋውና ይዩ። ዝርዝሩ ሌላ ቦታ የሚሄድ ከሆነ መሣሪያው አይሠራም።»

«አጥፊው።» ግን አላመናትም፤ ጎንበስ ብሎ የኔትወርኩን ገመድ ራሱ ይነቅለዋል።

እንደገና ትለጥፋለች። ስሞቹ ወዲያው ተስተካክለው ይደረደራሉ።

«አዩ? እዚሁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው የሚሠራው።»

ዐብዱልቃድር ያፍራል። ይቅርታ ሊላት አፉን ይከፍትና ሌላ ነገር ይወጣዋል። «ትናንት የሰዎቹን ፎቶዎች ያሳነስሽበትስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ሞክሪው።»

ገጹ ከትናንት ጀምሮ እንደተከፈተ ነው። የደጊቱን ፎቶ ትጭንበታለች። ደጊቱ ከተመዘገቡት አንዷ ናት፤ ሦስት ጊዜ እምቢ ብላ፣ ዐብዱልቃድር «አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ከእጄ አይወጣም» ሲላት ብቻ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ ያደረገች ሴት ናት። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ ግንኙነት ስለሌለ ፎቶውን መላክ አልተቻለም ይላል።

«መሞከር ነበረብኝ» ትላለች ቃናኒ። «ኔትወርክ ሲጠፋ ሁላችንም ብሪቱ ሻይ ቤት ሻይ ልንጠጣ እንወጣለን። ያለ ኔትወርክ ይሠራ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁትም።»

«ስንቱን ነው የላክሽው?»

«ሁሉንም። ከስር ስማቸው ተጽፎበታል።» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ትላለች። «ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ እናጠፋዋለን ይላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ድረ ገጹ።»

ጥርጣሬው ልክ ሆኖ በመገኘቱ ምንም ደስ አይለውም። ሊቆጣት ያያታል፤ አይችልም። ሰዎቹ ያመኑት እሷን አይደለም። ማወቅ አለባቸው፣ ከፈለጉም ሰፈር መቀየር አለባቸው። ስልኩን አውጥቶ ደጊቱ ጋ ይደውላል።

በመጀመሪያው ጥሪ ታነሳለች።

«የእርስዎ ቁጥር ባይሆን አላነሳም ነበር፣ ጋሼ» ትለዋለች እየሳቀች። «የሌላ ሰው አላነሳም።»