መምህርቷን በባሕር ዛፉ መንገድ ያሳደዳት ሰውዬ

«ቁሚ! አንቺ ልጅ፣ ቁሚ እያልሁሽ!»

ሳቢሃ ዞር ስትል... ወፍራም ዱላ የያዘ ሰውዬ በባሕር ዛፉ መካከል እየሮጠ ይመጣል።

አልቆመችም። ማን ይቆማል?

ዘመኑን ታውቁታላችሁ... እገሌ ታገተ፣ እገሊት ጠፋች ሲባል እየተዋለ፣ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ዱላ የያዘ ሰው ሲጠራት ቆማ አትጠብቅም።

ሮጠች።

ሳቢሃ የቡሬ ልጅ ናት። አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሷ ከከተማው ወጣ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች... ታስተምራለች ከተባለ።

ምክንያቱም ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ክፍሏ ውስጥ የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ቅስቀሳ፣ ከነገ ወዲያ የቤት ለቤት ምዝገባ... አስተማሪ የማይላክበት ሥራ የለም።

ያን ቀን ጠዋትም ርዕሰ መምህሩ ደጀኔ ከክፍሏ በር ላይ ጠራት።

«ሳቢሃ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ ያንቺ ነው። ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ቤት ለቤት እየዞርሽ ቀስቅሺ።»

«ብቻዬን? መንገዱ ያስፈራል እኮ መምህር!»

«ምን ላድርግ? እኔም ከላይ ታዝዤ ነው።»

«ልጆቹስ?»

«የክፍሉ አለቃ ትጠብቃቸዋለች።»

የክፍሉ አለቃ የስምንት ዓመት ልጅ ናት...

እና አሁን ሳቢሃ ትሮጣለች። ሻሿን ቅርንጫፍ ይዞ አስቀረው። አንዱ ጫማዋ ወለቀ። «ያ አላህ... ያ አላህ...»

ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም።

ድንገት ከፊቷ አንድ የቆርቆሮ ቤት አየች። ግቢው ውስጥ ዘልላ ገባችና ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች።

ከውጭ የውሻ ማጉረምረም ተሰማ... ከዚያ ዱላ ሲያርፍ... ከዚያ ዝም።

ሰውዬው እያለከለከ ገባ። ሳቢሃ ራሷን በእጆቿ ሸፈነች።

«አይዞሽ ልጄ! ያበደች ውሻ ከጎንሽ ነበረች፤ መትቼ አባረርኋት። ቁሚ የምልሽ ለሱ ነው፤ ሲሮጡባት ይብስባታል። ትናንት የጎረቤቴን ጥጃ ነክሳለች።»

ሳቢሃ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሰውዬው አያ ክንዱ ይባላሉ። ቤቱም የራሳቸው ኖሯል። ውኃ በጣሳ አመጡላት። አስተማሪ መሆኗን ሲሰሙ ወዲያው «አንቺ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆነ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላውቅ ነው። ምን እግር ጣለዎት ወደዚህ?»

«ከትምህርት የቀሩ ልጆችን ፍለጋ ነው አያ። እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

አያ ክንዱ አንገታቸውን ደፉ።

«አንዲት አለችኝ፤ ውዳሴ ትባላለች። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ነበር... አስቀረኋት።»

«ለምን? ሴት ስለሆነች?»

«ኧረ በማርያም! የምትማር ቢሆን አዝዬ አደርሳት ነበር። ግን ሄዳ ሄዳ አስተማሪ የለም እየተባለች ትመለሳለች። መንገዱን ዛሬ አይተውታል... ልጄን ለባዶ ክፍል በዚህ መንገድ ልስደዳት?»

ሳቢሃ የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች።

ይሄኔ አንዲት ትንሽ ልጅ ከበሩ ጀርባ ብቅ አለች። እንግዳዋን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አባቷ ሥር ተሸጉጣ...

«አባ... እሷ እኮ ናት።»

«ማን?»

«አስተማሪያችን። እትዬ ሳቢሃ።»

ሳቢሃ ልጅቷን አላወቀቻትም። ከስልሳ በላይ ከሆኑት ልጆች መካከል የውዳሴን ፊት የምትለይበት ጊዜ አልነበራትም!

አሁን ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። አያ ክንዱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«ታዲያ እርስዎ እዚህ ካሉ... እነዚያ ልጆች ዘንድ ማን አለ?»

ሳቢሃ ብድግ አለች።

በዚህ ሰዓት ልጆቹ አስተማሪ ሲጠፋ ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ግማሾቹ የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

«ውሻዋስ... ወዴት ሄደች?»

«ወደ ወንዙ» አሉ አያ ክንዱ። ዱላቸውን አንስተው ነበር።

ሮጡ። እሷ በአንድ እግር ጫማ።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ የልጆች ሳቅ ሰሙ። ከወንዙ ማዶ ተማሪዎቿ እየተጎነታተሉ ይመጣሉ። ከወዲህ በኩል፣ መሻገሪያው ላይ... ውሻዋ ቆማለች። አፏ አረፋ ደፍቋል።

«እንዳትሻገሩ!» ጮኸች ሳቢሃ። «እዚያው ሁኑ! እንዳትንቀሳቀሱ!»

ልጆቹ ደርቀው ቀሩ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ውሻዋ ወደ ለቅሶው ዞረች... ሳቢሃ ድንጋይ አንስታ ወረወረችባት። ወደ እሷ ብትዞርስ ብላ አላሰበችም።

ዞረች።

አያ ክንዱ ግን ውሻዋን በዱላ ቀደሟት። በአቅራቢያው አረም የሚያርሙ ገበሬዎችም ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። ውሻዋን እዚያው ገደሏት።

ማንም አልተነከሰም። አልሐምዱሊላህ።

ሳቢሃ ልጆቹን አንድ በአንድ እያቀፈች ስማቸውን ጠየቀቻቸው።

በማግስቱ ደጀኔ ለሌላ ሥራ ጠራት።

«አልሄድም።»

«ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል፣ ሳቢሃ!»

«ይጻፍ! ትናንት አንዷ ብትነከስ ለእናቷ ምን ልላት ነበር? ከላይ ታዝዤ ነው?»

ማስጠንቀቂያው ተጻፈባት። በሳምንቱ ግን አያ ክንዱ የጎጡን ወላጆች ይዘው ቢሮ ገቡ።

«ማን ልጅ እንደቀረ እኛው እንነግርዎታለን፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው። እሷን ግን ለልጆቻችን ይተዉልን» አሉት ደጀኔን።

ደጀኔ በመጨረሻ «እሺ» አለ። ከላይ ምን እንደሚሉት እሱም ይፈራል።

ውዳሴ ተመልሳለች። ሳቢሃ ዛሬም ስልኳ ሲጠራ፣ ደግሞ ሊልኩኝ ነው ብላ ትደነግጣለች... ግን ከክፍሏ አትወጣም።

ወዳጆቼ፣ የቀረ ልጅ ፈልግ ብለን አስተማሪን ከክፍል ስናስወጣ፣ የመጣውን ልጅ እናስቀራለን። አስተማሪ አለ ብለን የላክናቸው ልጆች መንገድ ላይ ናቸው።

እናንተ በሳቢሃ ቦታ ብትሆኑ «አልሄድም» ለማለት ትደፍሩ ነበር? አስተማሪ የሆናችሁ ደግሞ... እናንተ ስትላኩ ክፍላችሁ ውስጥ ማን ይቀራል?