ንጹሕ ጣት

ፀጉር ሠሪዋ ተራዋ ደርሶ እጇን ስትዘረጋ፣ አስመራጩ ጣቶቿን አየና ራሱን ነቀነቀ። ጠዋቱን የሰው ሽበት ስታጠቁር ነበር ያረፈደችው፤ ቀለሙ እስከ ጥፍሯ ሥር ዘልቋል።

«እህቴ፣ አንቺ መርጠሻል። ጣቱ ቀለም የነካው ሰው ሁለተኛ አይመርጥም።»

«የፀጉር ቀለም እኮ ነው!»

«ቢሆንስ ምን አስጨነቀሽ? ይህን ጣት ያየ ማንም አይቀጣሽም። በይ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

እሷስ ከዚህ ሌላ ምን ትፈልግ ነበር? ያልመረጠ ይቀጣል የሚለው ሕግ ከወጣ ጀምሮ «በዱላ የምነዳ በግ ነኝ እንዴ?» እያለች ደንበኞቿን ስታስቅ ከርማለች። ዛሬም ታላቅ ወንድሟ ቢነዘንዛት ነው እግሯን እየጎተተች የመጣችው። ሻርፗን አጣፍታ እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ግን ነገሩ ከነከናት። አልመርጥም ማለትም የራሷ ምርጫ ነበር፤ ሰውየው እሱንም «መርጠሻል» ብሎ ወሰደባት።

ተመለሰችና ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እስቲ በደንብ እየኝ። አሥሩንም ነው የቀባችሁኝ?»

ሰልፈኛው ሳቀ። አስመራጩ ሳይወድ በግዱ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ሰጣት። ከመጋረጃው ጀርባ «ኧረ ቶሎ በይ!» እስክትባል ቆየች፤ ወጥታም ወረቀቷን በሳጥኑ ቀዳዳ ከተተች።

አስመራጩ የቀለሙን ጠርሙስ ይዞ ግራ ገባው። «አሁን የቱን ጣት ልቀባ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋችለት።

«ይኼን። አልመጣም ብሎ ሲለግም የነበረው እሱ ነው።»