ትንፋሽ ቆጣሪው

ፋኑኤል ኦስሎ ውስጥ በኮንትሮል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር ከራሱ በቀር አዋቂ ያለ አይመስለውም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚንቀው አብራው የምትሠራውን ሜሉን ነው። እሷ የሠራችው መሣሪያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚተነፍስ እየለካ የአየር ማራገቢያውን ያዛል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ መሣሪያው «ሦስት» አለ።

«ሁለት ሰው መቁጠር አቃተው!» ብሎ ሳቀባት። «ባርነሃገ አስገቢው፤ ከሕፃናቱ ጋር መቁጠር ይማር።»

«ፋኑ፣ ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ። ምንም ስህተት የለውም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ናይ፣ የለም፤ ስህተቱስ አንቺ ነሽ። ነይ ውጪ፣ ላሳይሽ።»

ተያይዘው ወጡና በሩን ቆለፈው። በበሩ መስታወት አሻግረው ሲያዩ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ቁጥሩ ግን ወርዶ ወርዶ አንድ ላይ ቆመ።

«ይኸው! ባዶ ክፍል የሚቆጥር ዕቃ ይዘሽ ልትመረቂ ነው?» አለና ይበልጥ ሊያይ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

መስታወቱ ፊቱ ትይዩ በጉም ደበዘዘ። ጠራ፤ መልሶ ደበዘዘ። ፋኑኤል የራሱ ትንፋሽ መስሎት በእጅጌው ጠረገው። አልጠፋም፤ ጉሙ ከውስጥ በኩል ነበር።