የተቸነከረው መስኮት

የጥጥ ፋብሪካው የእንፋሎት ቦይለር ግፊት ቀዩን መስመር አልፎ የመለኪያው መርፌ ሁለተኛ ዙር ሲጀምር፣ ቲርዛ አሁንም መዶሻዋን እንደጨበጠች ነበር። በእንግሊዟ ላንክሻየር ሰው ሲሞት ነፍሱ እንድትወጣ መስኮት ይከፈታል፤ እሷ ግን ጠዋት እጮኛዋ እዚሁ ቦይለር ክፍል ውስጥ ሲሞት መስኮቱን በሚስማር ቸነከረችው። መውጫ ያጣችው ነፍስ ቦይለሩ ውስጥ ገባች።

«አንቺ ግትር፣ ልፈነዳ ነው!» አለ እጮኛዋ በቦይለሩ ፉጨት።

«ፈንዳ! አብረን እንሄዳለን።»

«እናቴስ? ይኸው በሩን እየደበደበች ነው!»

ቲርዛ እያለቀሰች ሚስማሮቹን ነቃቅላ መስኮቱን ከፈተች። እንፋሎቱ እየተግተለተለ ወጣ፤ ጫፉ ግን እጇ ላይ ቀረ፣ መርፌውም ንቅንቅ አላለም።

«ልቀቂኝ እንጂ!»

«ይኸው፣ ለቀቅኩህ!» ብላ መዳፏን ዘረጋችለት።

እጇን የያዘው ግን እሱ ነበር። የሚፋጁትን የእንፋሎት ጣቶቹን አንድ በአንድ ከእጇ አላቀቀቻቸው፤ የቀለበት ጣቱን መጨረሻ ላይ።