የጉድጓዱ ጭቃ

ሰውየው ጓሮው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሚስቱን ከወንዝ መንገድ ሊያሳርፋት ነበር። ጎረቤቶቹ ከአፋፉ ቁልቁል እያዩ፣ «አያ፣ ሲኦል ስትደርስ ሰላም በልልን!» ይሉታል።

አምና ሊተው አስቦ ነበር። ከዚያ ግን ከእርሻ በተመለሰ ቁጥር የጉድጓዱን ግርጌ ርጥብ ሆኖ ያገኘው ጀመር። «ስንዱ፣ ቀርቧል» ይላታል ሚስቱን፤ ተመልሶ ይቆፍራል።

ዘንድሮ ስንዱ ታማ አልጋ ያዘች። በሳምንቱ ግርጌው እንደ አመድ ደረቀ። ሰውየው ዶማውን ጥሎ ወጣና አፋፉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

አንዲት ጎረቤቱ እንስራዋን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ አየችው።

«አያ፣ እትዬ ስንዱ እስክትነሳ እኔ ላፍስስበት እንዴ?»

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ። ከወንዝ በተመለስን ቁጥር ከእንስራዋ ግማሹን ታፈስስበት አልነበር?»

ሰውየው ከሴትዮዋ እፍኝ ውሃ ለምኖ አፈር ለወሰበትና ጭቃውን ይዞ ወደ ሚስቱ ገባ።

«ውሃው ወጣ» አላት።

በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። «እኔ ተኝቼ?»

«አንቺ ተኝተሽ።»

«በማርያም በል!»

ጭቃውን መዳፏ ላይ አኖረላት።

«በማርያም» አለ።