ያልተነካው እንሰት

እናታቸው በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ቢሻው ገጀራውን ሲያነሳ፣ እህቱ ሮጣ የጓሮውን ትልቅ እንሰት አቀፈችው።

«እማዬ በሕይወቷ ይህን ማንንም አላስነካችም!»

«ዛሬ ካልተፋቀ ቆጮው ለአርባዋ አይደርስም። ከቢታ ገነት የሚመጣውን ዘመድ ምን ልናበላው ነው? ዞር በይ!»

«መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ!»

ገጀራው አልወረደም፤ እሷም አልተነቃነቀችም። ያኔ ጎረቤታቸው እትዬ አፀደ ከአጥሩ ማዶ ጮኹ፦ «ልቀቂው ልጄ! ለተዝካሯ ብላ የተከለችው ነው። ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ የተከለችው ደርሶ፣ ሞቷ ሲዘገይ እየሳቀች ለሰፈር አብልታ ሌላ ተክላለች።»

የእህቱ ክንዶች ላሉ። ቢሻው ሊመታ ጎንበስ ሲል ግን ከግንዱ ጀርባ አዲስ የተተከለች የእንሰት ችግኝ አየ። ዙሪያዋን ጭቃው በእናቱ ምርኩዝ ተበሳስቷል። ለካ እማዬ ዘንድሮም የመሞት ሐሳብ አልነበራትም።