ካርድ የሌለው ሬዲዮ

ከዓለም ባንክ ሰፈር ወረድ ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ትናንሽ አውሮፕላን የሚያበርሩ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው አሥራ አንድ አባላት አሉት። ሬዲዮ የምትቆጣጠረው አልማዜ ናት።

የመጣ ሁሉ አውሮፕላኑን የሚያዝበትን ሬዲዮ አጥፍቶ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጣል። ተራው ሲደርስ የቻናሉ ቁጥር ያለበት ካርድ ትሰጠዋለች። ካርድ ያልያዘ ሬዲዮ አይከፍትም። በአንድ ቻናል ሁለት ሬዲዮ ከተከፈተ አውሮፕላኑ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ይጠፋዋል፤ ይወድቃል።

ይህን አልማዜ ከማንም በላይ ታውቃለች። ባሏ የኔሰው ከመሞቱ በፊት በእጁ የሠራት የመጨረሻዋ አውሮፕላን አምና በእሷ እጅ ሳለች ወደቀች። ዳንኤል ካርድ ሳይወስድ ሬዲዮውን ከፍቶ ነበር። "ረስቼው ነው" አለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ መሸሻ ሦስት ወር አገዱት። ዳንኤል ቅጣቱን ጨርሶ ተመለሰ። አልማዜ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን የምትመልስለት በአንገቷ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ የአቶ መሸሻ አውሮፕላን ወደቀች። ጥቅምት ላይ አንዴ፣ ኅዳር ላይ አንዴ። ሠላሳ ዓመት ሲያበሩ አንድ ቀን ጥለው የማያውቁ ሰው ናቸው። አልማዜ ሬዲዮአቸውን ፈትታ አየችው፤ እንከን የለውም። ሌላ ሬዲዮ ገብቶባቸው ነው ብላ ደመደመች።

የኅዳሩን ስብርባሪ ለቅሞ "እኔ ልጠግናት" ብሎ የወሰዳት ዳንኤል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ውስጧ ያለውን የሬዲዮ መቀበያ ሳይቀር ቀይሮ፣ አዲስ አስመስሎ አመጣት። ሰው ሁሉ አመሰገነው። አልማዜ በልቧ፣ የሰበረ ይጠግናል፣ አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አስተዋለች። አቶ መሸሻ ሲያበሩ ዳንኤል ከሰዉ መሃል ይጠፋል። መኪናው ውስጥ ይገባል። ከሽማግሌው ጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ከመሪው በታች ደብቆ ይቀመጣል። አራት ቅዳሜ እንዲሁ አየችው። በአምስተኛው፣ የተከፈተ ሬዲዮ ሲጠጋት መብራት የምትሰጥ ትንሽ መሣሪያ በኪሷ ይዛ መጣች።

አቶ መሸሻ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዋጋነሽ ጋር ደረሱ። ወይዘሮ ዋጋነሽን ጉልበታቸውን ያማቸዋል ከተባለ ወዲህ ሁለቱ የሚሄዱት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው።

"ደህና አደርሽ ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። ካርድዎ ይኸው፣ አራት ቁጥር።"

እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

እንደ ወጉ በረራ ከመጀመሩ በፊት ሕጉን አሰሙ። ድሮ ከወረቀት ነበር የሚያነቡት፤ ዘንድሮ በቃላቸው ይወጡታል። "አንደኛ፣ ካርድ የሌለው ሬዲዮ አይከፈትም። ሁለተኛ ጊዜ የከፈተ ከማኅበሩ ይሰናበታል።" ይህን ሲሉ አልማዜ ዳንኤልን አየችው። ዳንኤል መሬት መሬት ያያል።

ፀሐይዋ በርትታ ነበርና አቶ መሸሻም እንደ ሌላው ሁሉ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። የአውሮፕላኗን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይቺ ከወደቀች ሌላ አልሠራም" አሉ። "ጉልበቱም የለኝ።"

አውሮፕላኗ ተነሳች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ጎላ ባለ ድምፅ ያወሯት ጀመር። "ወደ ግራ፣ እመቤቴ። ከፍ በይ። አሁን ዙሪያውን።" አውሮፕላኗ እንዳሏት ትሄዳለች።

አልማዜ ጠረጴዛዋን ቃኘች። የሌሎቹ ሬዲዮ ሁሉ ጠፍቶ ተደርድሯል፤ የዳንኤልም አለ። ዳንኤል ግን የለም። ወደ መኪናው ስትራመድ ከኪሷ ያወጣቻት መሣሪያ በራች። ስትቀርብ መብራቷ በረታ። ሁለተኛ ሬዲዮ ደብቋል ማለት ነው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እየሮጡ ደረሱባት። ክንዷን ያዙ።

"ተይው ልጄ" አሉ በሹክሹክታ። "ዛሬን ብቻ።"

"እማማ፣ ባለቤትዎን እኮ ነው የሚጎዳቸው።"

"አልጎዳንም። አልጎዳንም፣ ተይው።"

አልማዜ እጇን አስለቀቀች። ደግ ሰው ሌባውንም ይሸፍናል ብላ አሰበች።

"ሞተር አጠፋሁ" አሉ አቶ መሸሻ ከሜዳው። ሲያሳርፉ ሁልጊዜ ከሩቅ ሞተሩን አጥፍተው እንደ አሞራ በዝምታ ነው የሚያወርዷት። የሞተሩ ድምፅ ቆመ።

አልማዜ የመኪናውን በር ከፈተች። ሬዲዮው የዳንኤል ጭን ላይ ነው፤ ሁለት አውራ ጣቶቹ ማዘዣዎቹ ላይ ናቸው። ቀና ብሎ አላያትም። ዓይኑን ከሰማዩ አልነቀለም።

"እትዬ አልማዜ፣ አንድ ደቂቃ ስጪኝ" አለ፣ ድምፁን እንዳይሰማ አድርጎ። "ከዚያ አስወጡኝ፤ አልከራከርም።"

"የኔሰው የለፋባትን ስትጥል አንድ ደቂቃ ሰጥተኸኛል?"

ከእጁ ነጥቃ አጠፋችው።

አውሮፕላኗ ከሜዳው ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ ነበረች። አንድ ክንፏ አዘነበለ። ከዚያ በአፍንጫዋ ተደፍታ እዚያ ካሉት ባሕር ዛፎች ጀርባ ገባች። ከርቀቱ የተነሳ ስትወድቅ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ከሰዉ መሃል አንድም የተናገረ የለም። ወይዘሮ ዋጋነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አልማዜ ሽማግሌውን ላጽናና ብላ ዞረች።

አቶ መሸሻ ፊታቸውን ወደ ባዶው ሰማይ አቅንተው፣ አውራ ጣታቸውን በቀስታ እያንቀሳቀሱ፣ "ትንሽ ወደ ግራ፣ እመቤቴ… እንደሱ… አሁን ዝቅ" ይሉ ነበር።